ልብ አይታይም፤ ታዲያ በምን እንተማመን?

(በተማሪዎች ማኅበር የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ አምስት የንግድ ሥራ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች በጋራ አዘጋጅተው ያሰሙት ንግግር)




የማኅበሩ ጸሐፊ ዛሬ ማታ እንድንናገር በጠየቀን ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብነው ስለ ካፒታልና ስለ ባንክ ብድር ለመናገር ነበር። እንዲህ ያለው ርእስ ተናጋሪውን አዋቂ ያስመስለዋል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በጥር ወር ዕረፍታችን እኛ አምስታችን የደረሰብንንና ያደረስነውን ነገር ስናስታውስ፣ ከካፒታልም ከብድርም በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ መኖሩን ተረዳን። ይኸውም በንግድ ሥራ ሰው ሰውን የሚያምነው በምንድን ነው? የሚል ነው።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ዲግሪያችንን ይዘን እንወጣለን። ከፊላችን ባንክ እንገባለን፤ ከፊላችን የወላጆቻችንን ሱቅ እንረከባለን፤ ከፊላችን ደግሞ ሁለትና ሦስት ሆነን የራሳችንን ሥራ እንጀምራለን። የትም ብንገባ ከማናውቀው ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን ‹‹ይህ ሰው በልቡ ምን ይዟል?›› ብለን የምንጨነቅበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

ለዚህ ጥያቄ አገራችን አንድ የቆየ መልስ አላት፤ ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ትላለች። ምሳሌው ብዙ መከራ ያየ ሰው የተናገረው እንደ ሆነ ያስታውቃል። ነገር ግን ቃል በቃል ከወሰድነው ሻጭና ገዢ የሚገናኙት በቀብር ላይ ብቻ በሆነ ነበር። ለዚሁ ጥያቄ ዘመናዊ መልስም አለ። በየመንገዱ በሚሸጡት ትንንሽ መጻሕፍትና በየስልካችን በሚመጡልን ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች የሰውን ልብ ከፊቱ የማንበብ ጥበብ ይሰበካል። ክንዱን ያጣጠፈ ሰው ይደብቃል፤ አፍንጫውን የነካ ይዋሻል፤ ዓይን ለዓይን የሚያይ ደግሞ እውነተኛ ነው ይሉናል። እኛም ይህን ተምረን ነበር። ምን እንዳተረፈልን እንንገራችሁ።

በተባለው ዕረፍት አምስታችን እያንዳንዳችን 5,000 ብር አዋጥተን 25,000 ብር አደረግን። ከፊሉ ከዕቁብ የወጣ፣ ከፊሉ ከዘመድ የተለመነ፣ ከፊሉም ለልብስ የታሰበ ገንዘብ ነበር። ሐሳባችን ዛላ በርበሬ በጅምላ ገዝተን፣ አስቀንጥሰን፣ በቅመም አስደልዘንና አስፈጭተን፣ ለምናውቃቸው ቤተ ሰቦች በኪሎ ለመሸጥ ነበር።

ገበያ እንደ ደረስን መጀመሪያ የገባነው ከአንዲት በዕድሜ ከገፉ ነጋዴ መደብር ነው። ‹‹እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?›› ብንላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ ከማድረግ በቀር መልስ አልሰጡንም። ዋጋው በኪሎ 420 ብር ነው አሉ፤ ብንለምናቸውም አንድ ብር አልቀነሱም። ‹‹እጃችሁን ሰዳችሁ ከሥር አውጡና እዩ፤ ካልወደዳችሁት ሂዱ›› አሉን። ግማሹን በዱቤ እንዲሰጡን ስንጠይቃቸው ‹‹ዋስ አላችሁ?›› አሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናችንን በኩራት ገለጽን። ‹‹ታዲያ የሚከፍለኝ ዩኒቨርሲቲው ነው?›› አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኛም ተቀይመን ወጣን። ከመካከላችን አንዱ ‹‹እኒህ ሴትዮ ሰው የማያምኑት አንድ የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው›› አለ፤ ሁላችንም ተስማማን።

ከዚያ በኋላ አንድ ደላላ አገኘን። ይህ ሰው ‹‹ልጆቼ›› ብሎ ተቀበለን፤ ሻይ አስመጣልን፤ የእርሱም ልጅ ተማሪ እንደ ሆነ አጫወተን፤ ሲናገር ዓይን ለዓይን ያየን ነበር። ዋጋው 400 ብር ብቻ ሆነ። የሁለቱ ጆንያ አፍ ሲከፈት ዛላው ደም የመሰለ ነበር። ወደ ታች እጃችንን ልንሰድ ስንል ‹‹ተዉት ልጆቼ፣ ይሰባበርባችኋል›› አለን፤ እኛም ለበርበሬው ማዘኑን አይተን አመንነው። ለ50 ኪሎ 20,000 ብር ቆጥረን ሰጠንና ደስ ብሎን ተመለስን።

በርበሬውን ሦስት ቀን ፀሐይ አስመታነው። በአራተኛው ቀን ብንመዝነው 43 ኪሎ ሆነ። ዛላው ክብደት እንዲያነሣ ውሃ ተረጭቶበት ኖሯል፤ እኛም 7 ኪሎ ውሃ በበርበሬ ዋጋ ገዝተናል ማለት ነው። ከዚህም የከፋ ነበር። በሁለተኛው ጆንያ መካከል እርጥበቱ ታፍኖ ስለ ቆየ 9 ኪሎ ያህሉ ሻግቶ ተገኘ። ለደላላው ስንደውልለት አልተቆጣም፤ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ ‹‹እኔ እኮ ደላላ ነኝ ልጆቼ፤ ጆንያው ውስጥ አልገባሁም›› አለን።

የሻገተው 9 ኪሎ ምን እንደ ሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። አሁን ግን ፊት የማንበብ ጥበባችን ለምን እንዳልሠራ እንመርምር።

መልሱን ያገኘነው ከቤተ መጻሕፍት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዴፖሎ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ሊቃውንት፣ ሰው ውሸትን ከእውነት ለመለየት ስላለው ችሎታ የተደረጉትን ጥናቶች ሰብስበው መረመሩ። በጥናቶቹ ውስጥ ፍርድ የሰጡት ሰዎች ከ24,000 በላይ ነበሩ። ውጤቱም በአማካይ 54 ከመቶ ያህል ሆነ። ዓይኑን ጨፍኖ ሳንቲም እየወረወረ የሚፈርድ ሰው 50 ከመቶ እንደሚያገኝ አስቡ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ማስተዋል፣ ዓይን በማየትና ድምፅ በማዳመጥ የምናተርፈው ከመቶ አራት ያህል ብቻ ነው። በአራት ከመቶ ብልጫ 20,000 ብር መቁጠር ደግሞ ብልኅነት አይደለም።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘነው ከኢኮኖሚ መምህራችን ክፍል ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪናዎች ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ፤ ለዚህም ሥራው በ2001 እ.ኤ.አ. ከማይክል ስፔንስና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ሐሳቡን ወደ በርበሬ ብንመልሰው እንደሚከተለው ይሆናል። ሻጩ በጆንያው ውስጥ ያለውን ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለጥሩውም ለመጥፎውም አማካይ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። ጥሩ በርበሬ የያዘው ነጋዴ በዚህ ዋጋ ስለማያዋጣው ገበያውን ትቶ ይሄዳል። የቀረው የከፋው ስለ ሆነ ዋጋው እንደገና ይወርዳል፤ በዚህ ጊዜ ደኅና የሚባለውም ይወጣል። በመጨረሻ በገበያው ላይ የሚቀረው እርጥቡና ሻጋታው ነው። እንግዲህ አለመተማመን የሚጎዳው የተታለለውን ብቻ አይደለም፤ ሐቀኛውን ነጋዴ ከገበያ ያስወጣዋል። አሮጊቷ ነጋዴ በ420 ብር ቆመው እኛ ወደ 400 ብር የሮጥንበት ያ ቀን የዚህ ትምህርት ምስክር ነው። እርሳቸውን ከገበያ ለማስወጣት በዚያን ቀን እኛም ድርሻችንን ተወጥተናል።

ታዲያ ልብ የማይነበብ ከሆነ የሚነበበው ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት የሚነበበው ሰውየው የቆመበት ቦታ ነው። ለዚህም ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ።

1ኛ፤ እኛ ብንጎዳ እርሱ ምን ይጠቀማል? ደላላችን ዋጋውን የሚያገኘው በኪሎ ነበር። በርበሬው በከበደ ቁጥር የእርሱም ገንዘብ ይከብዳል። ዓይኑን ትኩር ብለን ከምናይ ይልቅ ‹‹ድለላህ የሚቆጠረው በምንድን ነው?›› ብለን ብንጠይቀው ኖሮ ከፊቱ ያላገኘነውን ነገር በአንድ ቃል ባገኘነው ነበር።

2ኛ፤ ነገ ደግሞ እንገናኛለን ወይ? እርሱ እኛን ያየን አንድ ጊዜ መጥተን የምንሄድ ተማሪዎች አድርጎ ነው፤ ልክም ነበር። ተመልሶ የማይመጣን ደንበኛ ማታለል ዛሬ ያተርፋል፤ የነገው ኪሳራም የለበትም።

3ኛ፤ ቢዋሸን የሚሰማበት ማን ነው? ስሙን የሚያውቅና ብናማው የሚያምነን አንድም ሰው በመካከላችን አልነበረም። ስለዚህ ውሸቱ ከእኛ ጋር ተቀበረ።

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ስለ ሰውየው ክፋት ወይም ደግነት አይፈርዱም። ምናልባት ደላላው ለልጁ ደግ አባት ይሆናል፤ ሻይ የጋበዘንም ከልቡ ይሆናል። ጥያቄዎቹ የሚነግሩን ሰውየው የቆመበት ቦታ ወደ እውነት የሚገፋው ወይም ከእውነት የሚያሸሸው መሆኑን ነው።

በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የተደበቀ ነገር ሁሉ ተንኮል አይደለም። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በግመልና በከብት ገበያ ሻጭና ገዢ እጃቸውን በጨርቅ ሥር ሸፍነው በጣት ሲዋዋሉ ይታያሉ። የጣቱ ቁጥርና አያያዝ ዋጋውን ይናገራል፤ ዙሪያውን የቆመው ሰው ግን አያውቅም። በዚያ ጨርቅ ሥር ሁለቱ አይዋሹም፤ ዋጋቸውን ከሌላው ዓይን ብቻ ይሰውራሉ። ነጋዴ ከየት እንደሚያመጣና ምን ያህል እንደሚያተርፍ ለሁሉ ሰው የመንገር ግዴታ የለበትም። ጆንያውን ግን መክፈት አለበት። ትርፉን የደበቀን ሰው ‹‹ተንኮለኛ›› ብለን፣ ጆንያውን የደበቀውን ‹‹ደግ አባት›› ካልነው የፈረድነው ተገላቢጦሽ ነው። እኛ በዚያን ቀን የፈረድነው ልክ እንዲሁ ነበር።

አሁን ደግሞ ወላጆቻችን ይህን ችግር እንዴት እንደ ፈቱት እንመልከት። ዕቁብን ሁላችንም እናውቃለን። በዕቁብ ትልቁ አደጋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ይዞ መጥፋቱ ነው። ዕቁብተኞች ይህን ለማወቅ የባለ ዕጣውን ፊት አይመረምሩም፤ ዋስ አምጣ ይሉታል። ዳኛ አለ፤ ጸሐፊ አለ፤ መዝገብ አለ። ብዙ ሰዎች ዕቁብ በመተማመን ብቻ የቆመ ነው ሲሉ እንሰማለን። ነገሩ ሲታይ ግን ዕቁብ የቆመው መተማመንን እንዲቻል በሚያደርግ ሥርዓት ላይ ነው። ዋስ መጠየቅ ስድብ አይደለም። እንዲያውም ዋስ የጠየቀን ሰው ከእኛ ጋር ብዙ ጊዜ ለመኖር ያሰበ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ ሊበላን ያሰበ ሰው ዋስ ምን ያደርግለታል?

በመርካቶ እህል በረንዳ የሚሠሩት የእህል ደላሎችም ሌላ ምሳሌ ናቸው። ከሩቅ ክፍለ ሀገር እህል የሚልክ ነጋዴና በሌላው ጫፍ የሚገዛው ነጋዴ ላይተያዩ ይችላሉ። በመካከል ያለው ደላላ እህሉን አይቶ፣ ጥራቱን መስክሮ፣ ዋጋውን ያገናኛል። እርሱም እንደ እኛ ደላላ የሚከፈለው በብዛት ልክ ነው። ልዩነቱ ደንበኛው ነገም ከነገ ወዲያም የሚመጣ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ቢዋሽ ወሬው ከጭነት መኪናው ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ የዚያ ደላላ ዋናው ንብረት ስሙ ነው።

ይህን የደላሎች ሥራ በጥልቅ ካጠኑት ምሁራን አንዷ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን ናቸው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በመጀመሪያ የመሩትም እርሳቸው ናቸው። የምርት ገበያው ሐሳብ ከባድ አይደለም። ምርቱ መጋዘን ይገባል፤ ናሙና ተወስዶ ደረጃ ይወጣለታል፤ ባለቤቱ ደረሰኝ ይቀበላል፤ ገዢው ደረጃውን አምኖ ይገዛል፤ ክፍያውም በሥርዓቱ በቶሎ ይፈጸማል። ሻጭና ገዢ አንዱ የሌላውን ልብ ለማንበብ መድከም አያስፈልጋቸውም። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ለአከርሎፍ ችግርም ጥሩ መልስ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ጋር ሌላ ነገር ታየ። በ2001 ዓ.ም. ቡና በምርት ገበያው መሸጥ ሲጀምር ቡናው በደረጃና በአካባቢ ተመድቦ ከሌላው ጋር ስለሚደባለቅ የአምራቹ ስም ጠፋ። ልዩ ቡና የሚፈልጉ የውጭ አገር ገዢዎች ‹‹ይህ ቡና ከማን ማሳ፣ ከየትኛው ማጠቢያ የመጣ ነው?›› እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው የቡና ግብይት አዋጅ በቀጥታ የመላኩ መንገድ ሰፋ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሥርዓት ውሸትን ሊከለክል ይችላል፤ ጥሩ ሠሪን ከሌላው ለይቶ የሚያስከብረው ግን ስም ነው። ስሙ የማይታወቅ ሰው ቢያጠፋ አያፍርም፤ ቢያለማም አይመሰገንም። ሁለቱም ያስፈልጉናል፤ ሚዛኑም ስሙም።

ሕጋችንም ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1704 በተንኮል የተገኘ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። በቁጥር 1705 ደግሞ፣ ልዩ መተማመን ባላቸው ሰዎች መካከል፣ አንዱ ዝም በማለቱ ሌላው የተሳሳተ ነገር እንዲያምን ቢያደርገው ይህም ውሉን ሊያፈርሰው እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን ቁጥር ባነበብን ጊዜ አምስታችንም አንድ ላይ አንገታችንን ደፋን። ምክንያቱን አሁን እንናገራለን።

የሻገተውን 9 ኪሎ ለብቻ አስቀምጠን ነበር። በአራተኛው ቀን ማታ በዚያ ክምር ዙሪያ ተቀምጠን ተከራከርን። ከመካከላችን አንዱ ‹‹ከተፈጨ በኋላ ማን ያየዋል?›› አለ። እውነቱን ነው፤ ዛላ ይታያል፤ ዱቄት አይታይም። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ሲገባበት ሽታውም ይጠፋል። ሌላው ‹‹ጥቂት ስለ ሆነ በሰው ላይ ጉዳት አያደርስም›› አለ። ይህ ግን ትክክል አልነበረም። በሻገተ እህልና ቅመም ላይ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊፈጠር ይችላል፤ ጉበትን ይጎዳል፤ ወፍጮ አያጠፋውም፤ የወጥ እሳትም ፈጽሞ አያጠፋውም። ይህን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ገንዘባችን ሊጠፋ በሆነ ጊዜ ግን የተማርነው ሁሉ ከራሳችን ወጣ። በመጨረሻ ድምፅ ሰጠን። ሦስት ለሁለት ሆነ፤ እንዲደባለቅ ተወሰነ። ማን የትኛውን ድምፅ እንደ ሰጠ ዛሬ አንናገርም፤ ውሳኔው የአምስታችንም ነው።

በማግሥቱ ጧት ወደ ወፍጮ ቤት ልንሄድ ስንነሣ የአንዱ ጓደኛችን እናት ደወሉ። አምስት ኪሎ እንድናስቀርላቸው ነበር። ልጃቸው መጀመሪያ ናሙና እንደሚያመጣላቸው ቢነግራቸው ሣቁና፣ ‹‹የእናንተ ከሆነ ምን አየዋለሁ፤ ሳላይ እወስዳለሁ›› አሉ።

ስልኩ በጉልህ ይሰማ ስለ ነበር ሁላችንም ሰማነው። ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም። ከዚያ አንዱ ተነሥቶ ጆንያውን አንሥቶ ወጣ፤ ሌሎቻችንም ተከተልነው፤ 9ኙን ኪሎ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። ሰው ሳይሆን በርበሬ ቀብረን ተማመንን።

ውድ ጓደኞቻችን፤ ያን ቀን ማታ ድምፅ ስንሰጥ ፊታችን ምን ይመስል ነበር ብላችሁ ትጠይቁን ይሆናል። ምንም አይመስልም ነበር። እንደ ሁልጊዜው ሻይ እየጠጣን እንቀልድ ነበር። ክንዱን ያጣጠፈ የለም፤ አፍንጫውን የነካ የለም። ፊት አንባቢ ቢመጣ አምስት ጨዋ ተማሪዎች ብሎ ይመዘግበን ነበር። የደላላው ፊትና የእኛ ፊት በዚያን ሌሊት አንድ ዓይነት ነበር። ለካ የሰውን ድብቅ ዓላማ ስንፈልግ ከርመን የገዛ ራሳችንን አላየንም። እኛም ‹‹ትርፍ ለማግኘት ሰው እንመርዝ›› አላልንም፤ ‹‹ያወጣነውን እንመልስ››፣ ‹‹ጥቂት ነው››፣ ‹‹ማን ያየዋል›› ብቻ ነው ያልነው። ድብቅ ዓላማ የሚገባው በእንደዚህ ያሉ ትንንሽ ቃሎች ነው፤ በመጀመሪያ የሚሰወረውም ከባለቤቱ ነው።

ያ የስልክ ቃል ያዳነን በምን ምክንያት እንደ ሆነ ደጋግመን አስበናል። ከላይ የጠቀስናቸውን ሦስት ጥያቄዎች ብትመልሱ ታገኙታላችሁ። እኒያን እናት ብንጎዳ የምንጠቀመው ጥቂት ብር ነው፤ ነገም ከነገ ወዲያም እንገናኛለን፤ ቢታወቅብን የምናፍርባቸው ደግሞ የራሳችን ወላጆችና ጎረቤቶች ናቸው። እንግዲህ በተፈጥሮ ከደላላው የተሻልን ስለ ሆንን አልዳንንም። የቆምንበት ቦታ ረዳን። ይህን ማመን ያዋርዳል፤ ነገር ግን ይጠቅማል። ሰው በራሱ ልብ ከመመካት ይልቅ ልቡ እንዳይስት የሚያደርገውን ቦታ አስቀድሞ ቢያዘጋጅ ይሻለዋል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ በቀረው 34 ኪሎ ሥራችንን ጨርሰን፣ ከወጪው ጥቂት ጎድሎብን፣ እንደገና ወደ ገበያ ሄድን። በቀጥታ የሄድነው ወደ አሮጊቷ ነጋዴ ነው። አሁን ዋስ ይዘን ነበር፤ የአንዱ ጓደኛችን አጎት በዚያው አካባቢ ልብስ ሰፊ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጡን 10 ኪሎ ብቻ ነው። በቀኑ ከፈልን። ሁለተኛ 20 ኪሎ ሰጡን፤ ከቀኑ በፊት ከፈልን። ሦስተኛ ስንሄድ ስለ ዋስ አልጠየቁንም። ከመካከላችን አንዱ ደፍሮ ‹‹እትዬ፣ አሁን ልባችንን አወቁት ማለት ነው?›› ቢላቸው፣ ‹‹የእናንተን ልብ በምን አውቀዋለሁ?›› አሉ፤ ‹‹ሱቁን ግን አውቀዋለሁ፤ ቀን ቆጥራችሁ መምጣታችሁንም አውቀዋለሁ።››

ከሁለት ዓመት ንድፈ ሐሳብ ይልቅ ይህ አንድ ቃል ብዙ አስተማረን። መተማመን እንደ ዕጣ በአንድ ቀን አይወጣም፤ በትንሹ ተጀምሮ፣ በቀኑ ተከፍሎ፣ ቀስ በቀስ ያድጋል።

እንግዲህ ንግግራችንን ስንፈጽም ለራሳችን የወሰንነውን ለእናንተም እናቀርባለን። ስንገዛ የሻጩን ፊት ትተን ጆንያውን እስከ ሥሩ እንመርምር፤ ጥቅሙ በምን እንደሚቆጠርም ሳናፍር እንጠይቅ። ዋስ ስንጠየቅ አንቀየም። በአንድ ጊዜ ሁሉን አንስጥ፤ በትንሹ እንጀምር። ስንሸጥ ደግሞ ‹‹ሳላይ እወስዳለሁ›› ላለን ሰው አስቀድመን እንክፈትና እናሳየው፤ ከሁሉ በላይ ዕዳ ያለብን ለእርሱ ነውና። ጓደኛሞች ሆነን ሥራ ስንጀምር ‹‹እኛ እንተማመናለን›› ብለን መዝገብ ሳንይዝ አንቅር። መዝገብ ያልያዘ ጓደኝነት በመጀመሪያው ኪሳራ ሲፈርስ በዚህ ግቢ አይተናል። ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለን፤ በየዓመቱ ከተማሪው የሚሰበሰበው መዋጮ ምን ላይ እንደ ዋለ የሚያሳይ ዝርዝር በዚህ ጋዜጣ ጀርባ ይታተም። ይህን የምንለው ማንንም ጠርጥረን አይደለም። ያልተጠረጠረ ሰው ሒሳቡን ሲያሳይ ነው ልማድ የሚሆነው።

ሰውን ማመን ቀብሮ ነው ያሉት አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ብለውም ነግረውናል። ሁለቱ ምሳሌዎች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ለእኛ ግን አንዱ ጥያቄ፣ ሌላው መልስ ሆኖ ታይቶናል። ልብ እስከ መቃብር ድረስ አይታይም። ስም ግን ዛሬም በገበያ መካከል ይታያል፤ እርሱንም በየቀኑ የምንሠራው እኛው ነን።